ያልገጠመው ሐረግ

ልብስ ሰፊው ከግድግዳ ወረቀት ሻጩ ሱቅ ገብቶ የቆመው ልጁ ስላዘዘችው ነው። እንጂ በዚያ ሰሞን እሱን ከወንበሩ የሚያስነሳው ነገር አልነበረም።

ሻጩ አፈ ጮሌ ነበር። ትልቁን የናሙና ጥራዝ ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ ቅጠሉን ያገላብጥለት ጀመር።

"ይሄ ለሳሎን ነው አባባ። ይሄ ለልጆች ክፍል። ይሄኛው ደግሞ የሙሽሮች ነው። ለሙሽራ ነው እንዴ የሚፈልጉት?"

"ለመኝታ ቤት።"

"የማን መኝታ ቤት?"

"የኔ።"

"እሰይ! ምን ዓይነት ቀለም ይወዳሉ ታዲያ?"

ልብስ ሰፊው ጥያቄው ለሌላ ሰው የቀረበ ይመስል ዘወር ብሎ ኋላውን አየ። ማንም አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ቀለም ሲመርጥ የኖረ ሰው ነው። "አንተ ጠይም ነህ፣ ይህ ግራጫ ፊትህን ይገድልብሃል" እያለ ስንቱን ደንበኛ ካሰበው ጨርቅ አስጥሎ በሌላ ጨርቅ አሳምሮ ሸኝቷል። ለራሱ ቤት ግን አንድ መጋረጃ መርጦ አያውቅም። መጋረጃውም፣ ምንጣፉም፣ የአልጋ ልብሱም የሚስቱ ምርጫ ነበር። ይህን ልግዛ ወይስ ያንን ብላ ስትጠይቀው "እንደፈለግሽ" ይላታል። ጎረቤት ይህን ሲሰማ ደግ ባል ይለው ነበር። እሷ ግን አንድ ቀን ትዕግሥቷ አልቆ፣ "ሁልጊዜ እንደፈለግሽ፣ እንደፈለግሽ! ለሁለት ሰው መምረጥ ሰለቸኝ እኮ! እስቲ አንድ ቀን እንኳ አንተም ፈልግ!" ብላ የያዘችውን ጨርቅ ፊቱ ላይ ወርውራበት ነበር። ያን ጊዜ ሳቀባት። ሳቁ ትዝ ይለዋል፤ ምን እንዳሳቀው ግን አሁን አይገባውም።

"ከኔ በፊት የመጣው ሰው የትኛውን ወሰደ?" አለ ሻጩን።

"ከእርስዎ በፊት? ይሄን ባለ ሐረጉን።"

"ያንኑ ስጠኝ።"

ሻጩ ከት ብሎ ሳቀ። "አባባ፣ ሰውየው እኮ ፀጉር አስተካካይ ነው! ለፀጉር ቤቱ ነው የወሰደው።"

"ግድግዳ ያው ግድግዳ ነው።"

ሻጩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ጥቅሎቹን ከመደርደሪያ አወረደ። መደቡ የወተት ቀለም ነው። አረንጓዴ ሐረግ ከታች ወደ ላይ እየተጠማዘዘ ይወጣበታል፤ ቅጠሉም ካንዱ ወረቀት ዳር ወጥቶ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። "አደራ፣ ሲቆርጡ ሐረጉን እያገጣጠሙ ነው" አለ ሻጩ። "ካልተገጣጠመ አያምርም።"

"ልጄ፣ እኔ ባለ ዳማ ኮት ስገጣጥም አንተ ገና ዳዴ አልጀመርክም።"

ንግግሩ የኩራት ነበር። ድምፁ ግን የሰለቸው ሰው ድምፅ ነው፤ ቃሉ ከልማድ ብቻ ወጣ። ጥቅሎቹን በብብቱ ይዞ መንገዱን ተሻገረ።

ሰፈሩ "አንድ ክር" ይለዋል። ስሙ የወጣለት በወጣትነቱ ነው። አጎቱ ሱቅ ውስጥ ካውያ ከማጋል ተነስቶ፣ ቁልፍ መትከል፣ እጅጌ መግጠም፣ በመጨረሻም ሙሉ ልብስ መቁረጥ ላይ ደረሰና ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር የራሱን ሱቅ ከፈተ። አንድ ሙሽራ በሠርጉ ጠዋት ኮቱን ሊወስድ ይመጣል። ኮቱ ባለ ዳማ ነው። ሙሽራው ለብሶ መስታወት ፊት ይዞራል፤ ሚዜዎቹ ያጨበጭባሉ። ልብስ ሰፊው ግን የደረት ኪሱ ዳማ ከኮቱ ዳማ ጋር በአንድ ክር መዛነፉን አየ። "አውልቅ" አለው። ሙሽራው የሚቀልድ መስሎት ሳቀ። ልብስ ሰፊው አልሳቀም። መኪና ውጭ ጡሩምባ እየነፋ፣ ሚዜዎቹ እየተራገሙ፣ ሙሽራው በካኒቴራ ቆሞ፣ ኪሱን ተርትሮ እንደገና ሰፋው። ከዚያ ወዲህ አንድ ክር ሆኖ ቀረ። ደንበኛ የሚመጣውም የሚሸሸውም በዚሁ ስሙ ነበር።

ሚስቱንም ያገኛት እዚያው ሱቅ ነው። የወንድሟን ኮት ልትወስድ መጥታ ቁልፉን ስታይ፣ "ይሄ ቁልፍ የለቅሶ ነው፤ ቀይረው" አለችው። ከሱቁ ቁልፍ ሁሉ መርጣ ሌላ ሰጠችው። ተከራከራት፤ ተረታ፤ ቁልፉን ቀየረ። ከዚያ በኋላ በቤቱ ነገር ተከራክሯት አያውቅም።

ኋላ ዘመኑ ተለወጠ። ሰው ከተንጠለጠለ ላይ እየለካ የተሰፋ ልብስ መግዛት ጀመረ። ሙሉ ልብስ የሚያሰፋ ጠፋ፤ ልብስ ሰፊው የተማሪ ደንብ ልብስ ወደ መስፋት ዞረ። ሥራው ሌላ ነው። ጨርቁ አንድ ቀለም ነው፤ ዳማ የለው፣ መስመር የለው፣ የሚገጣጠም ነገር የለው። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ወዲህና ወዲያ እያጠፉ ይደራርቡታል፤ እንዳይንሸራተት ካውያ ይጭኑበታል፤ ከላይ በጠመኔ ያሰምሩና በትልቁ መቀስ ባንድ ጊዜ ይቆርጡታል። በመጀመሪያ ይህን አሠራር ንቆት ነበር። ቀስ እያለ እጁ ለመደው። ዓይኑ ደክሞ ሱቁን እስኪዘጋ ድረስ ሲቆርጥ የኖረው እንዲህ ነው።

ሱቁ ተዘግቶ ብዙ ሳይቆይ ሚስቱ ታመመች። ሕመሟ ረዘም ያለ ነበር። ከግድግዳው በኩል ተኝታ፣ ሲያማት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞርና መዳፏን በአሮጌው ወረቀት ላይ ታሻለች። እዚያው አልጋ ላይ አረፈች። ከቀብር መልስ ልብስ ሰፊው የመኝታ ቤቱን በር ዘጋ፤ ወጥ ቤት ካለው ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ለብሶ ተቀመጠ። ያን ዕለት እዚያው አደረ። በማግስቱም እዚያው አደረ። ሰው ሲጠይቀው "ደህና ነኝ" ይላል፤ የዋሸም አይመስለውም ነበር። የሚያመው ቦታ የለም። ምግብ ሲሰጡት ይበላል፤ ሬዲዮ ሲከፍቱለት ያዳምጣል፤ ሲዘጉበትም አይናገርም።

ለልጁ የነገራት ከአጠገቡ ያለው ጎረቤቱ፣ ጡረታ የወጣው ሹፌር ነው። ልጁ በሌላ ከተማ መምህር ናት። ሰምታ ስትመጣ ወንበሩ ላይ አገኘችው።

"አባዬ፣ እግርህን አየኸው? አብጧል እኮ።"

"ከመቀመጥ ነው።"

"መቀመጥህን መች አጣሁት! ለምን አልጋህ ላይ አትተኛም?"

ብርድ ልብሱን ወደ ጉልበቱ ሳበ።

"እንግዲያው ከኔ ጋር ትሄዳለህ" አለች። "ቤቱ ይከራያል። እኛ ጋ ሳሎን ውስጥ ጥሩ ሶፋ አለ።"

ያን ሶፋ ያውቀዋል። አማቹ ዜና የሚያይበት ሶፋ ነው። ራሱን ከሶፋው ጥግ ቁጭ ብሎ፣ ልጆች በፊቱ ሲያልፉ እግሩን ሲሰበስብ፣ እንግዳ ሲመጣ "አባቷ ናቸው" ሲባል አየው። ደነገጠ ለማለት አይቻልም። አንድ ነገር ብቻ በጭላንጭል ታወቀው፤ በሰው ሳሎን ዕቃ ሆኖ መቀመጥ አይፈልግም።

"እዚሁ ልሁን" አለ።

ልጁ ትክ ብላ አየችው። ለረጅም ጊዜ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያ ፍላጎት ነበር። "እሺ። ግን እንዲህ ሆነህ አይደለም። ያንን ክፍል ክፈተው። የግድግዳውን ወረቀት ላጠውና ሌላ ለጥፍ፤ መርጠህ፣ በእጅህ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እመጣለሁ። አልጋህ ላይ የምትተኛ ሆነህ ካገኘሁህ አንድ ቃል አይወጣኝም። ወንበሩ ላይ ካገኘሁህ ግን ሻንጣህን አዘጋጃለሁ። ተስማማን?"

"ተስማማን።"

ወረቀቱ የተገዛው በዚህ ምክንያት ነው።

ሹፌሩ መሰላሉን ተሸክሞ ጠዋት መጣ። ገና ከደጅ ድምፁ ቤቱን ሞላው።

"አንድ ክር! ተነስ እንጂ! ባልዲህ የታል? ሙጫህ የታል?"

"ቀስ በል፤ ጆሮዬን አደነቆርከው።"

"አውቶቡስ ስነዳ የለመድኩት ድምፅ ነው፤ አሁን ምን ላድርገው?"

በሩን የከፈተው ልብስ ሰፊው ራሱ ነው። የታፈነ አየርና የመድኃኒት ሽታ ወጣ። ሹፌሩ የጓደኛውን ፊት በጎን ያይ ጀመር፤ ያለቅስ ይሆናል ብሎ ትከሻውን ሊይዘው እጁን አዘጋጅቶ ነበር። ልብስ ሰፊው ግን ገብቶ መስኮቱን ከፈተ፤ አልጋውን ባንድ በኩል ያዘና "ያዝ እንጂ፣ ወደ መሀል እንሳበው" አለ።

አሮጌውን ወረቀት በውሃ እያራሱ በቢላ ላጡት። ከአልጋው ራስጌ ከፍ ብሎ መዳፍ የሚያህል፣ ከመታሸት ብዛት የወዛ ቦታ ነበር። ሹፌሩ አየውና ቢላውን አቆመ። "ይህችን እንተዋት እንዴ?" አለ ቀስ ብሎ።

"ከሥሩ ካልተላጠ አዲሱ አይይዝም" አለ ልብስ ሰፊው፤ ቦታዋን አርሶ እንደ ሌላው ሁሉ ላጣት።

ከዚያ ሳሎን ወለል ላይ ወረቀቱን ዘረጉ። ልብስ ሰፊው ግድግዳውን በሜትሩ ለክቶ ነበር። ተንበረከከ። ጥቅሉን እየፈታ በግድግዳው ቁመት ልክ ወዲህና ወዲያ እያጠፈ ደራረበው። ካውያውን ጫነበት፤ በጠመኔ አሰመረ፤ ትልቁን መቀስ አነሳ። መቀሱ በወረቀቱ ውስጥ ሲሄድ ድምፁ ከጨርቅ የበለጠ ደረቅ ነበር። ሌሎቹንም ጥቅሎች እንዲሁ አደረጋቸው። አንዲት ስንዝር ትርፍ አልወጣውም።

"እጅ እኮ ነው ይሄ!" አለ ሹፌሩ በአድናቆት። "እኔ ብሆን ዛሬ ውዬ አንዱንም አልጨርሰውም።"

ሙጫውን ቀቡ። የመጀመሪያውን ለጠፉ፤ ልክክ አለ። ሁለተኛውን ለጠፉ። ሦስተኛውን ሲለጥፉ መሰላሉ ላይ የነበረው ሹፌር አንገቱን ወደ ኋላ ቀለሰ።

"ስማ... ይሄ ሐረግ ወዴት ሄደ?"

"የቱ ሐረግ?"

"ይሄ። እዚህ ጋ ቅጠሉ ተቆርጦ ቀረ። እዚያ ደግሞ ግንድ የሌለው ቅጠል ከየት መጣ ሳይባል ተንጠልጥሏል።"

ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ አየ። ነገሩ ወዲያው ገባው። ባለ ሥዕል ነገር እንደ ደንብ ልብስ ጨርቅ ተደራርቦ አይቆረጥም። አንዱ ከተቆረጠ በኋላ ቀጣዩ ከጎኑ ይዘረጋል፤ ሐረግ ከሐረግ እስኪገጥም ከፍና ዝቅ ይደረጋል፤ ትርፉ ይጣላል፤ ከዚያ ነው መቀስ የሚነሳው። ባለ ዳማ ኮት ሲሠራ የኖረበት ሕግ ነው። እጁ ግን ሳይጠይቀው የኋለኛውን ልማድ ይዞ ሄደ፤ ልቡም ከእጁ ጋር ስላልነበረ የሚያስቆመው አልተገኘም። አሁን ቁራጩ ሁሉ ልክ በልክ ነው። ከፍ ቢያደርጉት ከታች ይጎድላል፤ ዝቅ ቢያደርጉት ከላይ ግድግዳው ያፈጣል።

ሹፌሩ ከመሰላሉ ወረደ። ስድቡን፣ እርግማኑን፣ "ንቀለው!" የሚለውን ጩኸት እየጠበቀ ቆመ።

"ቀጣዩን አቀብለኝ" አለ ልብስ ሰፊው።

"ምን?"

"ሙጫው ይደርቃል። አቀብለኝ።"

"አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? ለአንድ ክር ብለህ ሙሽራ በካኒቴራ ያቆምክ ሰውዬ! ይሄ እኮ ሁለት ጣት ተዛንፏል!"

"እሱ ኮት ነው።"

"ይሄስ?"

"ግድግዳ።"

ሹፌሩ አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ በኋላ አልቀለደም፤ አልዘፈነም። እስከ መጨረሻው አቀበለ፣ ለጠፈ፣ በጨርቅ ጠረገ። አልጋውን ወደ ቦታው መልሰው ሲያበቁ ሻይ ቢባል "ሌላ ቀን" ብሎ መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ።

ልብስ ሰፊው ያን ዕለት ሙጫው ይድረቅ ብሎ ወንበሩ ላይ አደረ። ሙጫው ደረቀ። ሽታው ይውጣ ብሎ ደግሞ አደረ። ሽታውም ወጣ። በየጠዋቱ በሩን ከፍቶ ግድግዳውን ያያል። የሚቆረቁረው ነገር እንዲመጣ ይጠብቃል፤ ድሮ ቢሆን የምግብ ፍላጎቱን ይዘጋው ነበር። አይመጣም። በሩን መልሶ ሻይውን ያፈላል።

ልጁ የመጣችው በቀጠሮዋ ነው። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ በቀጥታ ወደ መኝታ ቤት ሄደች። አልጋው እንደተነጠፈ ነው፤ አንሶላው ላይ አንድ መጨማደድ የለም። ወንበሩ ላይ ደግሞ ብርድ ልብሱ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ይህንንስ ጠብቃው ነበር። ቀጥሎ ግድግዳውን አየች።

ይህች ልጅ ፊደል ሳትቆጥር በፊት ከአባቷ ጋር የጨርቅ ጫፍ ይዛ መስመር ከመስመር ስታገጣጥም ያደገች ናት። "ገጠመ?" ይላታል፤ "ገጠመ" ትላለች፤ "እንደገና እዪ" ይላታል። ከአልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

"አባዬ፣ አይተኸዋል?"

"አይቼዋለሁ።"

"ማን ነው የቆረጠው?"

"እኔ።"

"ታዲያ ምንም አላልክም?"

"ምን እላለሁ? ተለጠፈ።"

"ቅር አላለህም?"

ላገኝላት ብሎ ቅሬታውን በልቡ ውስጥ ፈለገው። "አላለኝም" አለ።

ልጁ እንባዋ መጣ። በእናቷ ቀብር ላይ ሰው ስትደግፍ፣ እንግዳ ስታስተናግድ የዋለች ሴት፣ በወረቀት ተንሰቀሰቀች። እሱ አጠገቧ ቆሞ እጁን የት እንደሚያደርገው አላወቀም። በመጨረሻ መሐረቡን አውጥቶ ሰጣት፤ ንጹሕ ነበር፤ ጥግ በጥግ ተጣጥፎ።

ፊቷን ጠርጋ ስትነሳ ቁርጥ ያለ ውሳኔ ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር። ቁም ሳጥኑን ከፈተች፤ ሸሚዞቹን ማውጣት ጀመረች።

"ቃል ቃል ነው አባዬ። ዛሬ እንሄዳለን።"

"እሺ።"

"እሺ ብቻ? አትከራከረኝም?"

"ምን ብዬ?"

ሸሚዙን በኃይል አጠፈችው። "ተከራይም አግኝቻለሁ። አዲስ ተጋቢዎች ናቸው፤ ባልየው ከኔ ጋር ያስተምር ነበር። ከሰዓት በኋላ መጥተው ያዩታል።"

"ምኑን?"

"ቤቱን ነዋ።"

"ይህንንም ክፍል?"

"አይ፣ ይህንንማ በጨርቅ እንሸፍንላቸዋለን! ምን ማለትህ ነው? መኝታ ቤት ሳያዩ ማን ይከራያል?"

ልብስ ሰፊው ግድግዳውን አየ፤ ከዚያ በሩን አየ። አንድ የማያውቀው ወጣት ሚስቱን አስከትሎ እዚያ ደፍ ላይ ሲቆም ታየው።

"የማን ቤት እንደሆነ ያውቃሉ?" አለ።

"ያውቃሉ። እንዲያውም ባልየው፣ አባቱ የሠርጉን ልብስ አንተ ጋ እንዳሰፋ ነግሮኛል።"

"እንግዲያው አያዩትም።"

ልጁ ሸሚዙን እንደያዘች ዞረች። "ምን አልክ?"

"አያዩትም አልኩ። እንዳይመጡ።"

"አባዬ፣ ወረቀት እኮ ነው። ካልወደዱት ልጠው ሌላ ይለጥፋሉ።"

"የኔን ስህተት እነሱ ይልጣሉ?"

"እና ማን ይላጠው?"

"አላውቅም። ማንም። ይቀመጥ።" ድምፁ ከፍ አላለም፤ አልተቆጣም። ጨርቅ ይበቃል አይበቃም ተብሎ እንደተጠየቀ ሰው ነበር የሚናገረው። "ይህን ሠርቼ ለሰው ትቼ አልሄድም። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የምተኛበትም እኔ ነኝ።"

"ትተኛበታለህ?"

"እተኛበታለሁ።"

"መቼ?"

ወደ ወጥ ቤት ሄዶ ብርድ ልብሱን ከወንበሩ ላይ አነሳና ተመለሰ። ጫማውን አወለቀ፤ አልጋው ሥር ጎን ለጎን አስተካክሎ አስቀመጠ። ከግድግዳው በኩል ገብቶ ጋደም አለ። ልጁ ሸሚዙን ቁም ሳጥን ውስጥ መልሳ፣ በጣቶቿ ጫፍ ወጥታ በሩን ገርበብ አደረገችው።

ቀን ነበር፤ ብርሃኑ በመስኮቱ ሞልቶ ይገባል። ልብስ ሰፊው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መጋጠሚያው ከዓይኑ ፊት ነው። ሐረጉ ከታች እየተጠማዘዘ መጥቶ ዳሩ ላይ ድንገት ያበቃል። ሌላው ሐረግ ደግሞ ከፍ ብሎ ከባዶ ይጀምርና ወደ ኮርኒሱ ይወጣል። በዓይኑ ተከተለው። ሐፍረት ይመጣ እንደሆነ ጠበቀ፤ ኀዘንም ይመጣ እንደሆነ ጠበቀ። አልመጡም። ጀርባው ብቻ፣ ፍራሹን ካገኘ ወዲህ፣ ቀስ በቀስ ይፍታታ ነበር።

ከወጥ ቤት የልጁ ድምፅ መጣ፤ ስልክ ይዛ ነበር።

"ይቅርታ፣ ዛሬ እንዳትለፉ ብዬ ነው... አይ፣ ሌላም ቀን አይሆንም። ቤቱ አይከራይም... አዎ። ሰው አለበት።"

ልብስ ሰፊው ዓይኑን ከግድግዳው ሳያነሳ አዳመጠ።